ለአንድ ሟች ሁለት ድንኳን ስለ ተከለው እድራችን ለክቡር ዳኛችን የቀረበ ምስጋና

ለክቡር ቀኛዝማች ኃይለ መለኮት ደስታ
የሠፈራችን እድር ዳኛ
ጉለሌ

ክቡር ሆይ፤

ከሁሉ አስቀድሜ የክቡርነትዎን ጤንነት በትሕትና እጠይቃለሁ። በዚህ ክረምት የጉልበትዎ ቁርጥማት ለቀቅ እንዳደረገዎት፣ የአዲሱ ቪላዎ ጣሪያ ማፍሰሱን እንደ ተወ፣ ከደጅዎ የምትቆመውንም ፔጆ የሠፈራችን ጭቃ እንዳልደፈራት ተስፋ አደርጋለሁ። እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ። እህል ይበላልኛል፣ እንቅልፍም ይወስደኛል፤ አንገቴን ቀና አድርጌ በሠፈሬ መንገድ መሄድ ብቻ ነው ከሐምሌ ወዲህ ያቃተኝ።

ያውቁኛል ብዬ አምናለሁ። ዕድሜዬን በፍርድ ቤት ጸሐፊነት የፈጀሁ ጡረተኛ ስሆን፣ ከክቡርነትዎ ግቢ በታች፣ ከቦኖው አጠገብ ያለችው ባለ ቆርቆሮ ቤት የእኔ ናት። ይህንን ደብዳቤ በፖስታ አሽጌ በዘበኛዎ እጅ ልልክልዎ አስቤ ነበር፤ ነገር ግን ያደረግነውን ሁሉ በአደባባይ ስላደረግነው ምስጋናውም በአደባባይ ይሁን ብዬ፣ ውኃ ቀጂው ሁሉ እንዲያነበው በቦኖው ግድግዳ ላይ ለጥፌዋለሁ። ማንበብ ለማይችሉት ባለቤቴ ሸዋገነት ታነብላቸዋለች፤ ድምፅዋም እንደሚያውቁት ነው።

የምጽፍበት ጉዳይ አንድ ነው። ባሏን በሐምሌ የቀበረችው ጎረቤታችን ወይዘሮ ጌጤ ቱሉ በሯን ዘግታብናለች። የባሏን የአርባ ተዝካር ሱሉልታ ወንድሞቿ ዘንድ እንደምታወጣና ከዚያ ወዲያ ወደዚህ ሠፈር እንደማትመለስ ተናግራለች። ተወልዳ ያደገችበትን፣ ተድራ የኖረችበትን ዳገት ለእኛ ትታልን ልትሄድ ነው። እዚህ ላይ ያደረሰንን መንገድ ደግሞ የመሩን ክቡርነትዎ ስለ ሆኑ፣ ምስጋናዬን እንደ ጸሐፊ ልማዴ በተራ ቁጥር ለያይቼ አቀርባለሁ።

አንደኛ፤ ሠፈራችንን ስላሠለጠኑልን አመሰግናለሁ። አስፋልቱ ሳይመጣ፣ ቪላው ሳይበዛ፣ ይህ ዳገት ባሕር ዛፍና የገብስ ማሳ በነበረበት ጊዜ እኛ የጉለሌ ሰዎች የፖለቲካ አቋም የሚባል ነገር አልነበረንም፤ የነበረን ጎረቤት ብቻ ነበር። በዘንድሮው በ፲፱፻፷፩ ዓ.ም. የሕግ መምሪያ ምክር ቤት ምርጫ ግን ክቡርነትዎ ምልክቱ ፋኖስ ለሆነው ተወዳዳሪ፣ ከውጭ አገር ተምረው የመጡት ጎረቤትዎ አቶ ይገዙ ደግሞ ምልክቱ ቁልፍ ለሆነው ተወዳዳሪ ድጋፍ መሰብሰብ ስትጀምሩ የሁላችንም ዓይን ተገለጠ። ፋኖሶች "ማዕርግና ሥርዓት ይከበር" አልን፤ ቁልፎች "የመሬት ሥሪት ይሻሻል" አሉ። አልን ያልኩት እኔም በእርስዎ በኩል ስለ ነበርኩ ነው። ሁለቱ ተወዳዳሪዎች በሠፈራችን የሠሩትን ቪላ ለፈረንጅ አከራይተው እነሱ ቦሌ ፊት ለፊት ተጎራብተው እንደሚኖሩና እሑድ እሑድ አብረው ምሳ እንደሚበሉ የሰማሁት በኋላ ነው። እነሱ ያልተጣሉትን እኛ ተጣልተንላቸዋል፤ ውለታችንን እንደማይረሱት አምናለሁ።

የሥልጣኔው ፍሬም ወዲያው ታየ። ባንድ ቦኖ ሁለት ሰልፍ ሆነ። የሚካኤል ጽዋችን ለሁለት ስለ ተከፈለ ቅዱስ ሚካኤል በየትኛው ቤት እንደሚገኝ እስከ ዛሬ አላወቅንም። ክርስትና ሊያነሣ ቃል የገባ ሰው "የቁልፍ ልጅ ነው" ብሎ ከቤተ ክርስቲያን ደጅ ቀረ። ባለቤቴ እርሾ ልትበደር ብትሄድ ጎረቤታችን "የፋኖስ እርሾ አለቀባችሁ እንዴ?" ብላ መለሰቻት፤ ሸዋገነት የመለሰችላት ቃል ግን ለቦኖው ግድግዳ አይመጥንምና ልተወው።

ሁለተኛ፤ እድራችንን በፍትሕ ስለ ከፈሉልን አመሰግናለሁ። አባቶቻችን ድንኳን ሲገዙ ሸራውን ከምሰሶው ለይተው ማየት አይችሉም ነበር። ክቡርነትዎና አቶ ይገዙ ግን በግንቦቱ ስብሰባ ሸራው ለፋኖሶች፣ ምሰሶውና ካስማው ለቁልፎች፣ ድስቱ ለእነዚህ፣ ክዳኑ ለእነዚያ እንዲሆን አስማምታችሁናል። ምሰሶ የሌለው ሸራና ሸራ የሌለው ምሰሶ ተሸክመን ወደየቤታችን ስንገባ ሁላችንም ያሸነፍን መስሎን ነበር። ደግነቱ የሠፈራችን ሰው ዛሬ ባለጸጋ ነውና የጎደለውን ሁሉም በሳምንቱ ከመርካቶ ገዝቶ አሟላ፤ የድሮዎቹ ድሆች ብንሆን ኖሮ እኮ መግዣ አጥተን አብረን እንቀር ነበር። ቃለ ጉባኤውን የጻፍኩት እኔ ነኝ። በፍርድ ቤት ስኖር ስንት ባልና ሚስት ሲፋቱ ጽፌአለሁ፤ ድስትና ክዳን ሲፋቱ የጻፍኩት ግን ያን ቀን ነው።

ሦስተኛ፤ የአቶ ቶለሳ ባጫን ለቅሶ ስላደመቁልን አመሰግናለሁ። ለአዲስ ገቢዎች ላስታውስና፣ አቶ ቶለሳ ማለት ክቡርነትዎ ዛሬ ቪላ በሠሩበት ቦታ አባቱ ገብስ ያርሱበት የነበረ፣ እሱ ግን ከአጥርዎ ሥር በቀረችው ጥግ ከባለቤቱ ከጌጤ ጋር ይኖር የነበረ፣ ልጅ ያልወለደ፣ ዝምተኛ ሰው ነው። ፋኖስ ነህ ወይስ ቁልፍ ተብሎ በተጠየቀ ቁጥር "እስቲ ሥራ አለብኝ" ብሎ ይሄድ ነበር። በሐምሌ አንድ ጧት ጌጤ ብትቀሰቅሰው አልነቃም። የማን ወገን እንደ ሆነ ሳይናገር መሞቱ ሠፈሩን ሁሉ አስጨነቀ። በቁሙ ቤቱ ጎራ ብላችሁ የማታውቁት ሁለታችሁ መሪዎቻችን ግን ያን ዕለት የልብ ወዳጁ ሆናችሁ ተገኛችሁ።

ሁለት ጥሩምባ ባንድ ጊዜ ተነፋ። ሸጎሌ ድረስ የተሰማው ሰው ሁሉ በጉለሌ ሁለት ሰው ሞተ ብሎ አዘነልን። ከጌጤ በር በስተቀኝ የእኛ ድንኳን፣ በስተግራ የቁልፎቹ ድንኳን ተተከለ፤ አፍ ለአፍ ገጥመው በመካከላቸው አንድ ሰው ብቻ የምታሳልፍ ጭቃ ቀረች። ክቡርነትዎ ከፊት አግዳሚ ተቀምጠው የወዲያኛውን ድንኳን ሰው በዓይንዎ ሲለኩ፣ አቶ ይገዙም እንዲሁ ሲለኩ አይቻለሁ፤ የእኛው እንደሚበዛ ሲያረጋግጡ ፊትዎ ላይ የታየው መጽናናት እውነተኛ ነበር። የጌጤ ወንድሞች ከሱሉልታ ገስግሰው ሲደርሱ አስተናጋጆቻችን "ፋኖስ ናችሁ ቁልፍ?" ብለው ጠየቋቸው። ሽማግሌው ወንድሟ "የጌጤ ወንድሞች ነን" አሉ። "እሱማ ገብቶናል፣ የየትኛው ድንኳን ናችሁ?" ተባሉ። ሰዎቹ እርስ በርስ ተያይተው ካጥሩ ሥር፣ ዝናብ ላይ፣ ጋቢያቸውን ተከናንበው ተቀመጡ። ወይ መሬት ተከፍታ ብትውጠን! አልዋጠችንም፤ ንፍሯችንን ቆረጠምን።

ጌጤን ደግሞ ላንሣት። መጀመሪያ ወደ እኛ ድንኳን ገብታ ሙሾ ስታወርድ በወዲያኛው ድንኳን ጉምጉምታ ተነሣ። ከዚያ ከሁለቱም ወገን ሰው ተመርጦ ሄዶ፣ ቅሬታ እንዳይፈጠር ሐዘኗን ለሁለቱ ድንኳን እኩል እንድታካፍል በጨዋ ደንብ ለመናት። ሴትዮዋ መለስ ብላ አየችንና ወጣች። ከዚያ በኋላ እዚያችው መካከል፣ ጭቃው ላይ ቆማ ነው ያለቀሰችው። ይህንን የሚያህል ውርደት ለሐዘንተኛ ያቀረበ ሠፈር ከእኛ በፊት ኖሮ እንደ ሆነ አላውቅም።

ወደ ቤተ ክርስቲያን ስንነሣም በየት በኩል እንሂድ የሚል ክርክር ተነሣ። በአስፋልቱ ከሄድን በክቡርነትዎ ደጅ፣ በታችኛው መንገድ ከሄድን በአቶ ይገዙ ደጅ ማለፍ ስላለብን፣ ሬሳው መንታ መንገዱ ላይ ወርዶ እስክትስማሙ ድረስ ጠበቀ። መኪኖች ጥሩምባቸውን ነፉብን። አስፋልቱ ረታ፤ እንኳን ደስ ያለዎ።

አራተኛ፤ ስለ ጉድጓዱ ነው። ይህንን ለመጻፍ ብዙ ጊዜ ብዕሬን አንሥቼ አስቀምጫለሁ።

ቀጨኔ መድኃኔ ዓለም ደርሰን፣ ፍትሐቱ አልቆ፣ ካህናቱ ወደ መቃብሩ ምሩን ሲሉ ሁላችንም ወዲያና ወዲህ ተያየን። ጉድጓድ የለም። ሁለት ድንኳን ተክለን፣ ሁለት ጥሩምባ ነፍተን፣ በሁለት ጎላ ንፍሮ ቀቅለን፣ አንድ ጉድጓድ አልቆፈርንም። ክቡርነትዎ ወደ አቶ ይገዙ ዞረው "የእናንተ ሰው አይደለም ወይ? ለምን አላስቆፈራችሁም?" አሉ። አቶ ይገዙም "ኧረ እርስዎ አይደሉም ከጧት ጀምሮ የእኛ ነው ሲሉ የዋሉት?" ብለው መለሱ። በየአፋችሁ "የእኛ ነው፣ የእኛ ነው" ሲባል የዋለው ምስኪን ሰው፣ ዶማ የሚያዝበት ሰዓት ሲመጣ "የእናንተ ነው፣ የእናንተ ነው" ተባለ። ሳጥኑ ዝናብ ይወርድበታል።

ይኼን ጊዜ እማማ ሳቢት፣ እኒያ ዓይናቸው የደከመ አሮጊት ጎረቤታችን፣ በምርኩዛቸው ወደ ሳጥኑ እያመለከቱ "ምን ያጨቃጭቃችኋል? ጉድጓዱን የሚቆፍረውማ እሱ ነበር" አሉ።

እውነት ነው። በዚህ ሠፈር ሰው በሞተ ቁጥር፣ ጥሩምባው ሳይነፋ፣ በማለዳ ወርዶ ዶማውን የሚያነሣው ቶለሳ ነበር። ማንም አልሾመውም፣ ማንም አመሰግንሃለሁ አላለውም፤ እኛ ሬሳ ይዘን ስንደርስ ጉድጓዱ ሁልጊዜ ተቆፍሮ ስለምናገኘው፣ መቃብር በራሱ የሚከፈት ይመስለን ነበር መሰል። እድሩ ከተከፈለ በኋላም ለፋኖስም ለቁልፍም ይቆፍር ነበር። ያን ሁሉ ዕቃ ስንካፈል ዶማውን ያነሣ አንድም ሰው አለመኖሩን እኔ ቃለ ጉባኤ ጸሐፊው እመሰክራለሁ።

ከእማማ ሳቢት ንግግር በኋላ ብናፍር ምናለ! አላፈርንም። ማን ይቆፍር የሚል ክርክር ጀመርን። የፋኖስ ጎረምሶች ቁልፎቹ ካልጀመሩ አንጀምርም አሉ፤ ቁልፎቹ ሱፍ ለብሰናል አሉ። ክቡርነትዎ በፔጆዎ ሾፌር ልከው ከሸጎሌ የቀን ሠራተኛ እንዲያስመጡልን በጎ ሐሳብ አቀረቡ፤ አቶ ይገዙም በእሳቸው ቮልስዋገን ቢሆን እንደሚፈጥን አስረዱ። በማን መኪና ይሁን ስትባባሉ ጌጤ ከሴቶቹ መካከል ወጣች። ነጠላዋን ወገቧ ላይ ጠበቅ አድርጋ አሰረች፤ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ አጥር ጥግ ሄዳ የባሏን ዶማ ሁልጊዜ ከሚያኖርበት ቦታ አወጣች፤ እዚያው ፊታችን ትቆፍር ጀመር።

ሁለት ሦስት ጊዜ ሰነዘረች። አፈሩ ረጥቦ ስለ ነበር ዶማው እየያዘ ያስቸግራታል። ወንድሞቿ ሮጠው ደረሱና ከእጅዋ ተቀበሏት፤ እነዚያው ከድንኳናችን ውጪ ዝናብ ላይ ያስቀመጥናቸው ሰዎች ተራ በተራ ቆፍረው አማቻቸውን ቀበሩ። እኛ የጉለሌ ወንዶች፣ ባለ ማዕርጉም፣ ባለ ዲግሪውም፣ ጡረተኛውም፣ ዣንጥላችንን ይዘን በሁለት ወገን ቆመን ተመለከትን። እኔ በቀኝ በኩል ነበርኩ። የሴትዮዋን ትንፋሽ በጆሮዬ ሰምቻለሁ፤ አንድ እርምጃ ግን አልተራመድኩም፤ ከወገኔ ቀድሜ ብራመድ ምን ይሉኛል ብዬ ነው። ይኸው ጻፍኩት።

አምስተኛ፤ ንግግርዎን አመሰግናለሁ። አፈሩ እንደ ተመለሰ ክቡርነትዎ ድንጋይ ላይ ወጥተው ስለ ጎረቤት ፍቅርና ስለ አንድነት ያደረጉት ንግግር ብዙዎችን አስለቅሷል፤ አቶ ይገዙም ያንኑ ንግግር በዘመናዊ ቃላት ደግመውልናል። ያሸነፈው ተወዳዳሪያችን አልመጣም፤ ሰውም አልላከም። ደግሞ ዓይናችንን በጨው አጥበን፣ የሠልስቱ ዕለት ከሁለቱም ድንኳን ምግብ በሞሶብ አስይዘን ወደ ጌጤ ቤት ላክን። ሁለቱም ሞሶብ እንደ ተከደነ ከበር ተመለሰ። ክቡርነትዎ ግን ተስፋ ሳይቆርጡ በሳምንቱ መልእክተኛ ልከው፣ ቶለሳ ለማን እንደ መረጠ ቁርጡን እንድትናገርና የቀብሩ ጉዳይ በየትኛው እድር እንደሚመዘገብ እንዲታወቅ አስጠየቋት። ሴትዮዋ ከዚያ ቀን ወዲህ ነው በሯን ጨርሳ የዘጋችው።

ክቡር ሆይ፤ ልመናዬ አጭር ነው። አርባው ሳይደርስ እርስዎና አቶ ይገዙ ከፊት፣ እኛ ከኋላ ሆነን፣ በደለኛ እንደሚያደርገው በየአንገታችን ድንጋይ ተሸክመን ከጌጤ በር እንቁም። ድንጋይ አይቸግረንም፤ ከአዲሱ አጥርዎ የተረፈው ክምር ሠፈሩን ሁሉ ያዳርሳል። ጥሩምባ አይነፋ፣ ንግግር አይደረግ፣ ፋኖስ በቀኝ ቁልፍ በግራ አይባል። ይማሩኝ በማለት የሚቀነስ ማዕርግ የለም፤ ቢቀነስም ይቀነስ። እሷ ከሄደች ያቺን ጥግ አንዱ ገዝቶ ቪላ ይሠራባታል፤ እኛም ያደረግነውን የሚያስታውሰን ሰው ስለማይኖር ጨዋ ሰዎች ነን ብለን እንኖራለን። እኔን የሚያስፈራኝ ይኼ ነው።

የክቡርነትዎን ዕድሜ እግዚአብሔር ያርዝምልን፤ ይህን ሁሉ ለመካስ ብዙ ቀን ያስፈልገናልና። ዝቅ ብዬ እጅ በመንሣት፣ በታላቅ አክብሮትና ከዚያ በሚበልጥ እፍረት እሰናበታለሁ።

የእርስዎው ጎረቤት
ኃይለ ማርያም ወልደ ሰንበት
ነሐሴ ፲፱፻፷፩ ዓ.ም. ጉለሌ

ድኅረ ጽሑፍ፤

ቶለሳ ለማን እንደ መረጠ ያስጠየቁት ጥያቄ መልስ ሳያገኝ እንዳይቀር ብዬ፣ ደብዳቤውን ከመለጠፌ በፊት ትናንት ራሴ ከጌጤ በር ሄጄ ነበር። ብዙ ካንኳኳሁ በኋላ ገርበብ አደረገችልኝ። ግባ አላለችኝም፣ እኔም ልግባ ለማለት አፍ አልነበረኝም። ጥያቄዎን ስነግራት ቶለሳ ለማንም አልመረጠም አለችኝ። የምርጫው ዕለት የክቡርነትዎ አክስት የወይዘሮ ሙሉእመቤት ቀብር ነበር፤ ሁላችንም ረስተነዋል። እኛ ጉድጓዱ ላይ አንዳንድ እፍኝ አፈር ጣል አድርገን፣ ምርጫው ሳይዘጋ ብለን በመኪናዎ እየተጫንን ስንሮጥ፣ አፈሩን እስከ መጨረሻው ሲመልስ የዋለው ቶለሳ ነው። ጭቃውን ታጥቦ ሲጨርስ የምርጫው ጣቢያ ተዘግቷል። ይህንን ነገረችኝና፣ "ሙሉእመቤት የማን ወገን ናቸው ብሎ ግን አልጠየቀም" ብላ በሩን ዘጋችው።